ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል? ምርጫ ከመሙላት በፊት መጠየቅ ያለባቸው ጉዳዮች

ጎንደር፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሰሞን በደባርቅ፣ በዳባት፣ በጃን አሞራና በበየዳ ደጋማ ቀበሌዎች የብዙ ቤተሰብ ወሬ አንድ ይሆናል። ልጁ አልፏል ወይስ አላለፈም? አልፎ እንደሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ የት ይማር? አብዛኛው ወላጅ በዚህ ጊዜ የሚይዘው ሚዛን ሁለት ነው። አንደኛው ቅርበት ነው፤ ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው።

ልጁ ዓይነ ስውር፣ መስማት የተሳነው፣ በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን እነዚህ ሁለት ሚዛኖች አይበቁም። ሦስተኛ ጥያቄ መነሣት አለበት። ይህ ተቋም ልጄን ተቀብሎ ለማስተማር ምን ያህል ተዘጋጅቷል? ጥያቄው ምርጫ ከመሞላቱ በፊት ካልተነሣ መልሱ የሚገኘው ልጁ ግቢ ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ለማስተካከል ይከብዳል፤ አንዳንዱም ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህ ጽሑፍ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችና ቤተሰቦቻቸው የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞሉ ምን መጠየቅ፣ ማንን መጠየቅና መቼ መጠየቅ እንዳለባቸው ያብራራል።

ጉዳዩ ለምን ይከብዳል?

የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ በር ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እጅግ ጠብቧል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ በኋላ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በመጀመሪያው ዙር 3.3 በመቶ፣ በሁለተኛው 3.2 በመቶ፣ በሦስተኛው ደግሞ 5.4 በመቶ ያህል ነበሩ። በእነዚህ ዙሮች ከመቶ ተፈታኝ ሦስት ወይም አምስት ሰው ብቻ በቀጥታ ባለፈበት ፈተና ውስጥ ከገጠር ቀበሌ የመጣ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ማለፉ ቀላል ነገር አይደለም።

እስከዚያ የደረሰው የብሬል መጽሐፍ በበቂ ሳያገኝ፣ ጓደኞቹ እያነበቡለት፣ ረጅም መንገድ ሰው እየመራው ተጉዞ ነው። የ12 ዓመት ድካም የደረጃ መወጣጫ በሌለው ሕንፃ ወይም አንባቢ ባልተመደበበት የፈተና ክፍል ምክንያት ቢቋረጥ ጉዳቱ ለተማሪው ብቻ አይደለም። በሬ ሸጦ፣ እህል ሸጦ ያስተማረው ቤተሰብም አብሮ ይጎዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ በመንደሩ ያሉ ሌሎች ወላጆች «አካል ጉዳተኛን ማስተማር ትርፉ ድካም ነው» ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳሉ።

የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከተስፋፋባቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑ ይታወቃል። ትራኮማ በጊዜው ካልታከመ ዓይን ያጠፋል። ባለፉት ዓመታት በሰሜን ጎንደርና በአጎራባች አካባቢዎች የተካሄደው ጦርነትም ወጣቶችን ለአካል ጉዳት ዳርጓል። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ቤተሰቦች ብቻ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው አካል ጉዳተኛ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው ድጋፍ ምጽዋት አለመሆኑ ነው። መሠረቱ ሕግ ነው።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት የኢኮኖሚ አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኞች ያለ አድልዎ ከሌሎች ጋር እኩል ከፍተኛ ትምህርት የማግኘት መብት እንዳላቸው ይገልጻል፤ ለዚህም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግላቸው ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ሆነው እንዲሠሩ ይጠይቃል።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ደግሞ ወደ ዝርዝሩ ይገባል። በ2001 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 650/2001 የተቀመጠውና እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም የቀጠለው ሐሳብ ይህ ነው። ተቋማት አቅማቸው በፈቀደ መጠን የመማሪያ ክፍሎችን ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ወደሚመች ቦታ ማዛወር፣ አማራጭ የፈተና ዘዴ ማዘጋጀት፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ማቅረብ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠትና የፈተና ሰዓት ማራዘም ይጠበቅባቸዋል። ሕንፃ ሲነደፍ፣ የግቢ መንገድ ሲሠራና ኮምፒውተር ሲገዛም አካል ጉዳተኞችን ማሰብ አለባቸው።

እዚህ ላይ «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለውን ሐረግ ልብ ይሏል። ከተቋም ተቋም ልዩነት የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉ ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ አንድ ነው፤ አቅሙና ዝግጁነቱ ግን አንድ አይደለም። አመልካቹ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

ጉዳትን መደበቅ ያስከትላል የሚባለው ኪሳራ

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በሀገሪቱ ያሉትን አካል ጉዳተኞች 864,218 ብሎ መዝግቧል። ይህ ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በዓለም ከሚኖረው ሕዝብ 16 በመቶ ያህሉ ጉልህ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገምታል። ይህን ያህል ልዩነት የተፈጠረበት አንዱ ምክንያት የአቆጣጠሩ ስልት ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ በየቤቱ የሚታወቀው ነው፤ ቤተሰብ ጉዳት ያለበትን ልጅ ለቆጣሪ አይናገርም።

ይኸው ልማድ እስከ ዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ድረስ ይዘልቃል። በከፊል የሚያይ ተማሪ «ዓይነ ስውር ብለው ይመዘግቡኛል» ብሎ ዝም ይላል። በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ተማሪ ከኋላ ተቀምጦ ግማሹን ትምህርት ያጣል። የሚጥል በሽታ ያለባት ተማሪ ማንም ሳያውቅላት በተደራራቢ አልጋ ላይኛው ክፍል ትመደባለች። መድልዎን መፍራት ከንቱ ፍርሃት አይደለም፤ መገለል በሀገራችን አለ። ሆኖም ተቋሙ የማያውቀውን ችግር ሊያመቻች አይችልም።

ስለዚህ ተማሪው ለማን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚናገር ራሱ ቢወስን መልካም ነው። ለመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ሁሉንም መናገር አይጠበቅበትም። ለሬጅስትራር፣ ለተማሪዎች አገልግሎት ዲን ጽሕፈት ቤትና ለአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ኃላፊው ግን በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠቅመዋል። ከሆስፒታል የተሰጠ የሕክምና ማስረጃ ካለ ዋናውን በቤት አስቀምጦ ቅጂውን ይዞ መሄድ ይገባል።

ምደባው እንዴት ይሠራል?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ተማሪዎች ምርጫቸውን በበይነ መረብ ይሞላሉ፤ ምደባውን የሚያከናውነው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ምደባው ውጤትን፣ የተማሪውን ምርጫና የተቋማትን የመቀበል አቅም ያገናዝባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና እየሰጠ ስለሚቀበል እሱን የሚፈልግ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ ለብቻው መከታተል አለበት።

ሚኒስቴሩ በየዓመቱ ከምደባ ጋር በተያያዘ ማስታወቂያ ያወጣል። ከጤናና ከመሳሰሉት ምክንያቶች የተነሣ በልዩ ሁኔታ መታየት ያለባቸው ተማሪዎች ማስረጃቸውን የሚያቀርቡበት መንገድና ቀነ ገደብም በዚህ መሰል ማስታወቂያ ይገለጻል። ቀነ ገደቡ አጭር ነው። ኔትወርክ በማይደርስባቸው የበየዳና የጃን አሞራ ቀበሌዎች የሚኖር ቤተሰብ ማስታወቂያውን ዘግይቶ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ውጤት ሳይወጣ በፊት ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወይም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግሮ «ማስታወቂያ ሲወጣ ደውሉልን» ማለት ያስፈልጋል። የሕክምና ማስረጃውም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ቢቆይ ይመረጣል፤ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ሆስፒታል ተራ መጠበቅ ቀኑን ያሳልፋል።

የፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት አንድ ያልታሰበ ጥቅም አለው። ተማሪው ለፈተና ገብቶ በሚያድርባቸው ቀናት ግቢውን በዓይኑ ያያል፤ ወይም በበትሩ ይዳስሳል። መኝታው ከመመገቢያው ምን ያህል ይርቃል? መጸዳጃ ቤቱ ተሽከርካሪ ወንበር ያስገባል? የዝናብ ውኃ መውረጃው ክፍት ነው ወይስ ተከድኗል? ይህን ያስተዋለ ተማሪ ምርጫ ሲሞላ ከሌላው የተሻለ መረጃ ይኖረዋል።

ከመምረጥ በፊት የሚጠየቁ ስድስት ጥያቄዎች

አንድ አርሶ አደር ዘር ከመግዛቱ በፊት ዘሩ ለየትኛው መሬትና ለየትኛው የአየር ጠባይ እንደሚስማማ ይጠይቃል። በደባርቅ ደጋ የሚያፈራ ገብስ በጠለምት ቆላ አይዘራም። ዩኒቨርሲቲ ሲመረጥም እንዲሁ ነው። ጥሩ ስም ያለው ተቋም ለዚህ ተማሪ፣ ለዚህ ዓይነት ጉዳት ላይስማማ ይችላል።

አንደኛው ጥያቄ የቀን ውሎ መንገድ ነው። ተማሪው ጠዋት ከአልጋው ተነሥቶ ማታ ወደ አልጋው እስኪመለስ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል መጠየቅ ነው። መኝታ፣ መጸዳጃ፣ መመገቢያ፣ መማሪያ ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ክሊኒክ። ከእነዚህ አንዱ ቢዘጋ ሌሎቹ ክፍት መሆናቸው አይጠቅምም። ምድር ቤት መኝታ ይሰጣል ወይ? ትምህርቱ በሦስተኛ ፎቅ ከሆነ ክፍሉ ወደ ምድር ቤት ይዛወራል ወይ?

ሁለተኛው የንባብ ጉዳይ ነው። ለዓይነ ስውራን ብሬል ማተሚያ፣ ድምፅ መቅጃና ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ያለው ኮምፒውተር አለ ወይ? ኤንቪዲኤ የተባለው የኮምፒውተር አንባቢ ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ቶክባክም እንዲሁ። ስለዚህ «ገንዘብ የለንም» የሚለው መልስ ሁልጊዜ በቂ አይደለም። የሚያስፈልገው ኮምፒውተሩ፣ መብራቱና የሚያሠለጥነው ሰው ነው። መምህራን የትምህርት ጽሑፋቸውን በፋይል ለመስጠት ፈቃደኛ መሆናቸውም ይጠየቅ፤ በፎቶ የተነሣ ጽሑፍ ለአንባቢ ፕሮግራም አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛው ፈተና ነው። አንባቢና ጸሐፊ ማን ይመድባል? አንባቢው የትምህርቱን ቃላት ያውቃል? ተጨማሪ ሰዓት ምን ያህል ነው? ለዓይነ ስውር ተማሪ ሥዕልና ግራፍ ያለበት ጥያቄ በምን ይተካል? እነዚህ ጉዳዮች በመምህሩ መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ የተንጠለጠሉ ከሆነ አንዱ መምህር ይፈቅዳል፣ ሌላው ይከለክላል። የተጻፈ መመሪያ መኖሩን መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አራተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ በተለይ መስማት ለተሳናቸው። በክፍል ውስጥ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከሌለ መስማት ለተሳነው ተማሪ ክፍል መገኘቱና አለመገኘቱ ልዩነት የለውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በአንድ ተቋም መሰጠቱ በየዩኒቨርሲቲው አስተርጓሚ አለ ማለት አይደለም። «ስንት አስተርጓሚ አላችሁ? ለየትኞቹ ክፍሎች ይመደባሉ?» ተብሎ በቁጥር መጠየቅ አለበት።

አምስተኛው የትምህርት ዘርፍ ነው። ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ከጨረሱ በኋላ የትምህርት ክፍል ይመርጣሉ። ብዙ ጊዜ አካል ጉዳተኛ ተማሪ የሚፈልገውን ሳይሆን ሌሎች «ይሻልሃል» ያሉትን ይይዛል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በግብርና ኮሌጅ ሲማር በክራንች የሚሄድ የክፍል ጓደኛ ነበረው። ልጁ በክፍል ውስጥ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። የተግባር ትምህርቱ ግን ተዳፋት በሆነ ማሳ ላይ፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ ነበር። አንዳንድ ቀን ተሸክመነው ሄድን፤ ብዙውን ቀን ግን ቀረ። በመጨረሻም ዘርፉን ትቶ ሄደ። ማንም ክፉ አላሰበበትም። ነገር ግን ከመግባቱ በፊት «የተግባር ልምምዱን በምን መንገድ ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የመስኖ መለኪያ፣ የዘር ምርመራና የመረጃ ትንተና በመሳሰሉት ሥራዎች መተካት ይቻል ነበር። ጥያቄው አስቀድሞ ቢነሣ ኖሮ መልስ አይጠፋለትም ነበር።

ስድስተኛው ሰው ነው። በተቋሙ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ማኅበር ወይም ክበብ አለ ወይ? አሁን ስንት አካል ጉዳተኞች ይማራሉ? ከአንድ ኃላፊ ይልቅ እዚያው የሚማር የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ዓመት አካል ጉዳተኛ ተማሪ የሚሰጠው መልስ ወደ እውነቱ ይቀርባል። መሰደብ፣ መገፋት ወይም ጾታዊ ትንኮሳ ሲደርስ ቅሬታ የሚቀርበው ለማን እንደሆነም ይጠየቅ። አካል ጉዳት ያለባት ሴት ተማሪ ሁለት ዓይነት ተጋላጭነት ስላለባት የመኝታዋ ደኅንነት፣ የምሽት መብራትና የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤቱ አሠራር ለእሷ ትርፍ ጥያቄ አይደለም።

በአካባቢያችን ያሉ አማራጮች

ለሰሜን ጎንደር ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚታሰቡት ደባርቅና ጎንደር ናቸው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተ አንጋፋ ተቋም ነው። በአካል ጉዳት ረገድ ከሌሎች የሚለይበት ነገር አለው። በማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ሥራው በጎንደርና በአካባቢው አካል ጉዳተኞችን በየቤታቸው ሲደግፍ ቆይቷል፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችንም ያሠለጥናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ለአሥር ዓመት የሚዘልቅ ትብብር ጀምሯል። የትብብሩ ትኩረት አቅም የሌላቸው ወጣቶች፣ በተለይም አካል ጉዳተኞች፣ በነፃ የትምህርት ዕድል እንዲማሩ ማድረግና ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆን ማገዝ ነው። የትምህርት ዕድሉ ጥሪ ክፍት መሆኑን አመልካቾች ከዩኒቨርሲቲው ማጣራት ይችላሉ።

ሆኖም ጎንደር ተራራማ ከተማ ናት። የዩኒቨርሲቲው ግቢዎችም በከተማዋ የተለያዩ ቦታዎች የሚገኙ ናቸው፤ ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲልና የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ለየብቻ ናቸው። ስለዚህ «ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ምቹ ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ «የእኔ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ ምቹ ነው ወይ?» ማለት ትክክለኛው ጥያቄ ነው።

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረ ወጣት ተቋም ነው። ለሰሜን ጎንደር ተማሪ ትልቁ ጥቅሙ ቅርበት ነው፤ ወላጅ በየጊዜው ሊጎበኝ፣ ስንቅ ሊያደርስ ይችላል። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ብርዱ ይከብዳል። ብርድ የሚያባብሰው የመገጣጠሚያ ወይም የነርቭ ሕመም ያለበት ተማሪ ይህንንም ሊያስብበት ይገባል።

ባሕር ዳር ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በጣና ሐይቅ ዳር የተዘረጋች ሜዳማ ከተማ መሆኗ በተሽከርካሪ ወንበርና በክራንች ለሚንቀሳቀሱ ትልቅ እፎይታ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ዓይነ ስውራንን ሲያስተምር የኖረ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ያለው ተቋም ነው። ርቀቱ ግን ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአሁኑ ወቅት ባለው የመንገድ ሁኔታ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ብቻውን ይህን ጉዞ በዓመት ስንት ጊዜ ያደርገዋል? ወጪውን ማን ይሸፍናል? ቤተሰብ አብሮ መመካከር አለበት።

እንግዲህ አንዱ ተቋም በሁሉም አይበልጥም። ለዓይነ ስውሩ የተሻለው ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዋ የተሻለ ላይሆን ይችላል።

ጠይቀው ያገኙ ሰዎች

የትነበርሽ ንጉሤ በደቡብ ወሎ ሳይንት አካባቢ ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። በሻሸመኔ የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከተማረች በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ አጠናች። በዩኒቨርሲቲው ቆይታዋ ክፍል ገብታ በመውጣት አልተወሰነችም፤ የተማሪዎች የፀረ ኤድስ እንቅስቃሴን መርታለች፤ የሴት ተማሪዎች ማኅበርንም በሊቀ መንበርነት አገልግላለች። በኋላም ለአካል ጉዳተኞች መብት ባደረገችው ትግል እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ዓይኗን ማጣቷ ያለ ዕድሜ ጋብቻን እንዳስቀረላትና የትምህርት በር እንደከፈተላት በአደባባይ ተናግራለች። ከአማራ ክልል ገጠር የተነሣች ልጅ እዚህ መድረሷ ለብዙ ወላጆች ማስረጃ ነው።

በውጭው ዓለምም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ቤተሰቦቿ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሆኑት ሀበን ግርማ ማየትም መስማትም የተሳናት ናት። በአሜሪካ ኮሌጅ ስትገባ የመመገቢያ አዳራሹ የምግብ ዝርዝር በወረቀት ብቻ ይለጠፍ ነበር። በኢሜይል እንዲላክላት ጠየቀች፤ ሥራ አስኪያጁ ሥራ በዝቶብናል እያለ አዘገየው። ይህ ውለታ ሳይሆን ሕጋዊ ግዴታ መሆኑን ስታስረዳ አሠራሩ ተለወጠ። ከእሷ በኋላ ወደዚያ ኮሌጅ የገባ ሌላ ዓይነ ስውር ተማሪም ተጠቀመበት። ሀበን እ.ኤ.አ. በ2013 ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የተመረቀች የመጀመሪያዋ ማየትና መስማት የተሳናት ሰው ሆናለች። የምግብ ዝርዝር ትንሽ ነገር ይመስላል። ለሚበላው ሰው ግን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ስልክ ሲደወል ምን ይባላል?

ብዙ ወላጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ መደወልን እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። ድፍረት አይደለም። ለሬጅስትራር ወይም ለተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ልጄ ዓይነ ስውር ናት። ማኅበራዊ ሳይንስ ነው የተማረችው። እናንተን ልትመርጥ ስለምትፈልግ ዓይነ ስውራንን የሚከታተለው ቢሮ የትኛው ነው? እዚያ የምትማር ዓይነ ስውር ልጅ ካለች ከእሷ ጋር አገናኙን።»

በስልኩ ላይ «አለ፣ ችግር የለም» የሚል ጥቅል መልስ ከተሰጠ ዝርዝሩን መጠየቅ ነው። የኃላፊውን የሥራ መደብ፣ የቢሮውን ቦታና የአገልግሎቱን ዓይነት የሚናገር ተቋም ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ከቢሮ ወደ ቢሮ እየመራ የሚያስደውል ተቋም ግን ልጁንም ከገባ በኋላ እንዲሁ ሊያንከራትተው ይችላል። የተሰጠውን መልስ ከቀኑ ጋር በደብተር ማስፈር በኋላ ለማስታወስ ይረዳል።

ማለፊያ ያልመጣላቸውስ?

50 በመቶ ያላመጡ ተማሪዎች መንገዳቸው አላበቃም። ትምህርት ሚኒስቴር በሚያወጣው መስፈርት የአቅም ማሻሻያ፣ በተለምዶ ሪሚዲያል የሚባለው፣ ፕሮግራም አለ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችና የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም በአካባቢያችን ይገኛሉ። ለእነዚህም ቢሆን ከላይ የተነሡት ጥያቄዎች ሳይቀነሱ ይሠራሉ።

የቤተሰብና የቀበሌ ድርሻ

ጎንደር የሊቃውንት ሀገር ናት። በአብነት ትምህርት ቤቶች ዜማውም ቅኔውም ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ በቃል ይሻገር ስለነበር ዓይናቸው የማያይ ተማሪዎች ከሌላው እኩል ተምረው መምህራን ለመሆን በቅተዋል። አባቶቻችን ዓይነ ስውሩን ተማሪ «መጽሐፍ ማየት አትችልምና ተመለስ» አላሉትም፤ ትምህርቱ የሚሰጥበት መንገድ ለእሱም ይመች ነበር። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የሚጠየቀውም ይኸው ነው፤ ተማሪው ሊከተለው በሚችለው መንገድ ማስተማር።

ከዚህ ጎን ለጎን ቤተሰብ የሚያደርገው አለ። ልጁ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ልብሱን ራሱ ማጠብ፣ ገንዘብ መለየት፣ ነጭ በትር መጠቀምና ስልኩን በድምፅ ማዘዝ ይልመድ። በፍቅር ብዛት ሁሉን እየሠሩለት ያሳደጉት ልጅ ግቢ ሲገባ ይቸገራል። የቀበሌና የወረዳ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችም በየዓመቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር ተነጋግረው የአካል ጉዳተኛ ተፈታኞችን ዝርዝር ቢይዙና ምርጫ በሚሞላበት ቀን አብረዋቸው ቢቀመጡ ብዙ ችግር ይቃለላል። በመንገድ ወጪ መተባበር የሚችል ዕድርም በየመንደሩ አለ።

ምርጫ የሚሞላባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። የሚወስኑት ግን የአራትና የአምስት ዓመት ኑሮን፣ ከዚያም አልፎ የአንድን ሰው ዕድሜ ልክ ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ 12ኛ ክፍል የደረሰ አካል ጉዳተኛ ተማሪ ካለ ውጤቱን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ጠይቁት፤ የት መማር ይፈልጋል? ከዚያም እዚያው ተቋም ደውላችሁ ልጁ እንደሚመጣ ንገሩ።